የማግስቱ ድካም

«ተኝተሽ አትዋይ፤ ወጣ ብለሽ ተፍታቺ።» በቫይረስ ታሞ ተነሥቶ ጉልበቱ አልመለስ ላለው ሰው ቤተሰቡም ሐኪሙም የሚሰጡት ምክር ነው። ከፍቅር የመነጨ ነው። ኤምኢ ወይም ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም የተባለው ሕመም ላለበት ሰው ግን ይህ ምክር አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል። የብሪታንያ ሕክምና ይህን እስኪቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 የለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ለወራት ተዘጋ። 292 ሠራተኞቹ ምንጩ ባልታወቀ፣ ኋላ ኤምኢ በተባለው ሕመም ወድቀው ነበር። በ1970 ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ታማሚዎቹን ሳይመረምሩ፣ መዝገብ አገላብጠው ብቻ፣ የጅምላ ሂስቴሪያ ነው ብለው ጻፉ። አንዱ ማስረጃቸው ከታማሚዎቹ የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው ነበር።

ከዚያ በሕመሙ ሕክምና ላይ ፔስ የተባለው ጥናት መጣ። 641 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል የፈጀ ነው። በ2011 ላንሴት ላይ ሲወጣ፣ እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ መጨመርና ሲቢቲ የተባለው የንግግር ሕክምና ይረዳሉ አለ። በ2013 እነዚህን ሕክምናዎች ካገኙት 22 በመቶው አገገሙ ተባለ። ታማሚዎች ግን ስሌቱን መረመሩት። ወደ ጥናቱ ለመግባት ከ100 የአካል ብቃት ነጥብ ከ65 መብለጥ አይቻልም፤ በዚሁ መለኪያ ለማገገም ደግሞ 60 ይበቃል። 65 ይዞ የገባ ሰው ብሶበትም በዚህ መለኪያ ያልፋል ማለት ነው! ይህን ያዩት ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ የሚከብዳቸው ሰዎች መሆናቸውን ሳስብ ልቤ ይነካል። አንድ አውስትራሊያዊ ታማሚ መረጃው እንዲወጣ ጠይቆ በ2016 የብሪታንያ ችሎት ፈረደለት። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በመጀመሪያው ዕቅዳቸው ባወጡት መለኪያ ዳግም ሲሰላ፣ አገገሙ የተባሉት ከ10 በመቶ በታች ሆኑ።

በ2021 ናይስ፣ የእንግሊዝን የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ተቋም፣ እንቅስቃሴን በተወሰነ መጠን እየጨመሩ የመሄዱን ሕክምና ከልክሎ አዲስ መመሪያ አወጣ። ሲቢቲም ፈዋሽ ሳይሆን ደጋፊ ብቻ ሆነ። በ2024 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ከኮቪድ በኋላ በተመሳሳይ ድካም የሚሰቃዩ ሰዎችን ብስክሌት አስነድተው ከጡንቻቸው ናሙና ወሰዱ። የጡንቻው ጉዳት ከእንቅስቃሴው በኋላ ብሶ ታየ። «ሰነፍ» ሲባሉ ለኖሩት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ተሃድሶው ምን ይመስላል? መነሻው «ዛሬ ምን ያህል ሄድሽ?» ሳይሆን «በማግስቱ እንዴት ዋልሽ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ የእንቅስቃሴው ቅጣት አንድ ወይም ሁለት ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላልና። ታማሚዋ የሠራችውንና የተከተለውን እየመዘገበች አቅሟን ትለካለች። ሽንኩርት ተቀምጣ ትከትፋለች፤ ልብሱን ዛሬ አጥባ ነገ ትተኩሳለች፤ ሳይደክማት ታርፋለች። ማሰብና ማውራትም ጉልበት ይበላሉ፤ ስለዚህ እንግዳ የመጣበት ቀን ሌላ ሥራ አይጨመርበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ደህና ቀን ነው። ጉልበት የተመለሰ ሲመስል ያደረውን ሥራ ሁሉ መጨረስ ያምራል። ያን ቀን ቤተሰብ መጥረጊያውን ቢቀበላት ትልቅ ሕክምና ነው።