ለአሮጌ ቮልስ ተከላካይ ፍለጋ ሶማሌ ተራ

መርካቶ፣ በመለዋወጫ ስሙ የገነነው ሶማሌ ተራ ብቅ የሚል የድሮ ቮልስ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተር ነው። ክለቦቻችንስ ቢሆኑ አጥቂ እንጂ ተከላካይ ለማስፈረም መቼ ይጣደፋሉ!

ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ታምቡሩ ይግልና ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል። ዲስክ ግን አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካው ራሱ በ1966 እ.ኤ.አ. ለ1500 ቮልስ ከፊት ዲስክ ሲገጥምለት ከኋላ ታምቡሩን አልነካውም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ስለሚሄድ አራቱንም ካልቀየርኩ ብሎ ብር መበተን አያስፈልግም።

ዲስክና ካሊፐር ብቻ ገዝቶ መግጠም ግን ራስን ማታለል ነው። ታምቡር ከጎማው ጋር ሲዞር ሸራውን እየሳበ እግርን ያግዛል፤ ዲስክ ይህን አያውቅም፣ ጠንከር አድርጎ መርገጥን ይፈልጋል። ማስተር ሲሊንደሩ የታምቡር ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ እንደያዘ ሊቀር ይችላል። ያገለገለ ዲስክም ሳይለካ አይገዛም፤ የሳሳ ከሆነ ቶሎ ይግላል፣ እንጦጦ ላይ የሚጠብቀው ችግርም ያው የድሮው ነው።