የባንክ ውጤትና የተበዳሪው ኑሮ

ባንኮች አገልግሎታቸውን ወደ ስልክ ሲያዛውሩ ትርፋማነታቸው እንደሚጨምር በሰፊው ይታመናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅርንጫፍ ኪራይ፣ ጥበቃና ሠራተኛ ይፈልጋል፣ በስልክ የሚስተናገድ አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ግን የሚያስወጣው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው። ትልቁ ለውጥ ያለው ብድር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳፋሪኮምና ኮሜርሻል ባንክ ኦፍ አፍሪካ በኬንያ የጀመሩት ኤም-ሽዋሪ የተባለ የስልክ ብድር አገልግሎት ቤትም መኪናም በማስያዣነት አልጠየቀም፤ የደንበኛውን የስልክና የገንዘብ ዝውውር ታሪክ አይቶ በደቂቃዎች ውስጥ አበደረ። ተመራማሪዎቹ ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ ከባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ ብድሩን ማግኘት የቻሉ ቤተሰቦች ድንገተኛ ችግር ሲገጥማቸው አስፈላጊ ወጪ የመተው ዕድላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ባንኩም ተጠቀመ፣ ቤተሰቡም ተጠቀመ።

ችግሩ ያው ፍጥነት መልሶ መጉዳቱ ነው። ለኤም-ሽዋሪ የ30 ቀን ብድር የሚከፈለው 7.5 በመቶ ቀላል ይመስላል፤ ወር በወር ለሚበደር ሰው ግን በዓመት ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። ከአንዱ መተግበሪያ ተበድሮ የሌላውን ዕዳ መክፈል ተለመደ፤ ብዙ ኬንያውያንም ከጥቂት ዶላር በማይበልጥ ዕዳ ሳይቀር በብድር መረጃ ቋት በመጥፎ ተበዳሪነት ተመዘገቡ። እንዲህ የተመዘገበ ሰው ዳግመኛ መበደር ይከብደዋል፤ ባንኩ በብዙ ድካም ያገኘውን ደንበኛ በገዛ እጁ አጣው ማለት ነው። በእኔ እምነት የባንክ ማኅበራዊ ኃላፊነት ትክክለኛ ቦታ እዚህ ነው፤ ጠቅላላ ክፍያውን ቀድሞ በግልጽ መናገር፣ የመክፈል አቅምን መመዘን፣ ቅሬታ ለሚያሰማ ሰው መልስ መስጠት።

ማኅበራዊ ኃላፊነት ለባንኩም ይጠቅማል ሲባል፣ ትርፋማ የሆነ ባንክ ይለግሳል እንጂ ልግስና ትርፍ አያመጣም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስለ ልግስና ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ብድሩ እንዴት እንደተዘጋጀ ግን የተበላሸ ብድርን መጠን በቀጥታ ይወስናል። የመክፈል አቅምን የመመዘን ጥንቃቄ ድሃውን ያገላል የሚለው ስጋት የበለጠ ይከብዳል። መልሱ መከልከል አይደለም፤ በትንሽ ጀምሮ አከፋፈሉ እየታየ ማሳደግ ይቻላል።

ዳሽን ባንክ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በቴሌብር መላና እንደኪሴ በተባሉ አገልግሎቶች ያለ ማስያዣ ማበደር ስለጀመረ ጥያቄው የእኛም ሆኗል። የባንኮቻችን ዓመታዊ ሪፖርት ከእርዳታው መጠን ጎን ሌላ ቁጥር ሊያወጣ ይገባል፤ ከተበዳሪዎቹ ስንቱ ሌላ ብድር ሳይጨምር ዕዳውን እንደዘጋ።