«ወደቀ» እና «ውድቅ ሆነ»፤ ስለ ማውጫ አገልጋይ ብልሽት የቃላት ማብራሪያ

«ወደቀ» የሚለው ግሥ ሰፊ መሆኑ የታወቀ ነው። ተማሪ በፈተና ይወድቃል፤ አቤቱታ ውድቅ ይሆናል፤ ኮምፒዩተርም ወደቀ ይባላል። በዕለት ንግግር ዐውዱ ስለሚያግዝ ችግር አይፈጠርም። በብልሽት ሪፖርት ላይ ግን «የማረጋገጫው ጥያቄ ወደቀ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጥያቄው ተቀባይነት አጣ ለማለት ነው ወይስ ጥያቄውን የተቀበለው ፕሮግራም ራሱ ጠፋ ለማለት? መፍትሔዎቹ እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ ቃሉን መለየት ግድ ይሆናል።

ማውጫ አገልጋይ የተጠቃሚዎችን ስም፣ የይለፍ ቃልና የሥራ ክፍል በተዋረድ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። «ማውጫ» የሚለው ስያሜ ከስልክ ማውጫ የተለመደ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። አስቸጋሪው፣ ኤልዳፕ በተባለው እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የመነጋገሪያ ደንብ ውስጥ ማንነትን የማስረገጥ ጥያቄ የተሰየመበት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃል በቃል ሲተረጐም «ማሰር» ስለሚሆን፣ «ተጠቃሚው ታሰረ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ፖሊስ ጣቢያ ያደርሰዋል። «የማንነት ማረጋገጫ ጥያቄ» ቢረዝምም ይሻላል።

አገልጋዩ የይለፍ ቃሉ ትክክል አለመሆኑን ሲያውቅ ቊጥር 49 የተባለውን መልስ ይሰጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አገልጋዩ የተቀጠረበትን ሥራ እየሠራ ነው። አገልጋዩ ሲወድቅ ግን የመልስ ቊጥር የለም፤ መስመሩ ብቻ ይቋረጣል፤ ያልጠየቁትም ተጠቃሚዎች አብረው ይቋረጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦፕንኤልዳፕ በተባለው ፕሮግራም በ2.4.42ና ከዚያ በፊት በነበሩት ዕትሞች የተገለጸው ጉድለት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አጻጻፉ የተበላሸ መልእክት ሲደርሰው፣ ፕሮግራሙ በራሱ የውስጥ ፍተሻ ላይ ተሰናክሎ ሥራውን ያቆም ነበር። መልእክቱ የሚፈታው ማንነት ከመረጋገጡ በፊት ስለሆነ ላኪው የይለፍ ቃል እንኳ አያስፈልገውም ነበር። «ጥያቄው ውድቅ ሆነ» የሚል ሪፖርት የደረሰው ባለሙያ የይለፍ ቃሎችን ሲመረምር ይውላል፤ የሚያስፈልገው ግን የታረመውን ዕትም መትከል ነው።

መውደቁን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የፕሮግራሙን የሂደት ቊጥር ማየት ነው፤ ወድቆ እንደ ገና የተነሣ እንደ ሆነ ቊጥሩ ይለወጣል። የመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ግን አሳሳች ነው። አንዳንድ አገልጋዮች መዝገቡን በማኅደረ ትውስታ አጠራቅመው ቈይተው ስለሚጽፉ፣ ጥፋተኛው ጥያቄ ሳይጻፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በመውደቂያው ጊዜ የሚቀረውን የማኅደረ ትውስታ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «ወደቀ» ለአገልጋዩ ብቻ ይተው፤ ሕዝቡም እንዲሁ ይላልና። ለጥያቄው «ውድቅ ሆነ» ማለት ቀርቶ «ተቀባይነት አላገኘም» ይባል፤ ሥሩ ስለሚለይ ማንም አይስተውም። ማንነቱ የታወቀ ተጠቃሚ የጠየቀው ሥራ ሲከለከል ደግሞ ነገሩ የፈቃድ እንጂ የማንነት ስላልሆነ «ፈቃድ የለውም» መባል አለበት፤ የመልስ ቊጥሩም 50 ነው። በመስኮት ላይ ለባለጉዳይ የሚነገረው «ሲስተም የለም» እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ ስለሚይዝ ለሪፖርት አይሆንም። ሳይወድቅ መልስ ሳይሰጥ ለሚቀረው አገልጋይ በተለምዶ «ስታክ አደረገ» ይባላል፤ «ዝም አለ» የሚለው ግን ይበቃዋል።