ሐኪሙ ለምን ይጠብቃል?

ከጋላፊ ወደ ጅቡቲ ወደብ በሚወርደው መንገድ አንድ ከባድ መኪና ፊት ለፊት ቢጋጭ፣ የሾፌሩ ቀኝ እግር ያን ጊዜ የት ነው? ፍሬን ላይ። የግጭቱ ኃይል በተረከዙ ገብቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ቁርጭምጭሚት ውስጥ ያለው አጥንትም የቅልጥምን ታችኛ ጫፍ እንደ ዘነዘና ይወቅጠዋል። ከፎቅ ሥራ ላይ በእግሩ የወደቀ ሠራተኛም የሚሰበረው እንዲሁ ነው።

ክፋቱ ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ መግባቱ ነው። በልም አጥንት የተሸፈነው ያ ጫፍ በቆምን ቁጥር ክብደታችንን ይሸከማል። ተዛንፎ ከገጠመ መገጣጠሚያው ያለ ጊዜው ይበላል።

ታዲያ እግሩ ለምን ያኔውኑ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ አይስተካከልም? እስቲ ቁርጭምጭሚታችሁን በውስጥ በኩል ዳስሱት፤ ቆዳና አጥንት ብቻ! ከስብራቱ በኋላ ያ ስስ ቆዳ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ያበጠውን ቢቀዱት ቁስሉ አልገጥም ይላል፤ አጥንቱ ያመረቅዛል፤ ሲብስም እግሩ ይቆረጣል።

ይህ ትምህርት በዋዛ አልተገኘም። በ1969 እ.ኤ.አ. ሩዬዲና አልጎቨር የተባሉ የስዊስ ሐኪሞች ቀጭኑን የጎን አጥንት ወደ ርዝመቱ መመለስ፣ መገጣጠሚያውን ማስተካከል፣ ክፍተቱን በሌላ አጥንት መሙላትና በብረት መደገፍ የሚል አሠራር አሳተሙ፤ ውጤቱም ግሩም ነበር። ግን ብዙዎቹ ታካሚዎቻቸው በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የወደቁ ናቸው። ሌሎች ሐኪሞች ያንኑ በመኪና አደጋ በደቀቀ እግር ላይ ቶሎ ሲሞክሩት ቁስሉ እያመረቀዘ አስቸገራቸው።

በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ሐኪሞች ሥራውን ለሁለት የከፈለውን ዘዴ ውጤት አሳተሙ። መጀመሪያ ቅልጥሙና ተረከዙ ላይ ብሎን ገብቶ ከውጭ በብረት ዘንግ ይወጠራል፤ እግሩ ከፍ ተደርጎ ይቆያል። ሲቲ ስካንም ከዚህ በኋላ ቢነሳ ይሻላል፤ ስብርባሪው ተዘርግቶ ይታያል። ብዙ ጊዜ ከ10 ቀን እስከ 3 ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ይጎድልና ቆዳው ይሸበሸባል። ሐኪሙ የሚጠብቀው ያን ሽብሻብ ነው! ያን ጊዜ ይከፍታል፤ መገጣጠሚያውን ለቅሞ በብረትና በብሎን ያስራል።

እንግዲህ ጅቡቲ ከተማ ፔልቲዬ ሆስፒታልም ሆነ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የተኛ ዘመድ ቢኖራችሁ፣ «ሳምንት ሙሉ ዝም አሉት» ብላችሁ አውጥታችሁ ለወጌሻ አትስጡት። ያበጠ እግር ጠብቆ ሲታሰር ደም ያጣል፤ ይበሰብሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ አስተዉት፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድም እግሩን እንዳይረግጥበት ጠብቁት።