ስለ ጤና ሥርዓት መመሪያዎች አመዛዘን

ሐኪም በሽተኛን እንዴት እንዲያክም የሚመራ ጽሑፍ አንድ ነገር ነው፤ የጤና አገልግሎት በማንና በምን ገንዘብ እንዲካሄድ የሚመክር ግን ሌላ ነው። ለዚህ ለሁለተኛው «አግሪ ኤችኤስ» የተባለ መመዘኛ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። መመዘኛው ጉዳዩን፥ ተካፋዮቹን፥ የአዘገጃጀቱን ዘዴ፥ ምክሮቹንና በሥራ ለመተርጐም መቻላቸውን መርምሮ ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል።

ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ስለ ማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ያወጣውን መመሪያ እንመልከት። ለሠራተኞቹ ለሥራቸው የሚመጥን ክፍያ እንዲሰጣቸው አጥብቆ ሲመክር፥ ማስረጃው እጅግ ደካማ መሆኑን ግን አልሸሸገም። ይህ ግልጽነት በዘዴ ረገድ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይመስለንም።

ከበድ ያለው ጥያቄ የመጨረሻው ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመንግሥት ደመወዝተኞች ስለ ሆኑ ምክሩ ለእነርሱ አዲስ ነገር አልጨመረም፤ በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉበት አገር ግን ያው አንድ ዓረፍተ ነገር አዲስ በጀት ማለት ነው። ስለዚህ መዛኙ ወጪው ተተምኗልን፥ እንቅፋቱስ ተነግሯልን ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ በዘዴው 7 ያገኘ መመሪያ እንኳ ይህን ካልመለሰ፥ በመጨረሻው ጥያቄ ከ2 በላይ ልንሰጠው አንችልም።