ኦሮማይ፦ ምስጢር የሌለው የስለላ ልብ ወለድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንንና ጣርማበርን የሚያቋርጠው የሰሜኑ አውራ ጎዳና ደሴንና መቀሌን አልፎ አስመራ ይዘልቃል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታሪኩን የሚተርከው ከዚያ ጫፍ ላይ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ዳራው ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኤርትራ የተጀመረው፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት የተሰለፈበት የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ነው። ለቅስቀሳ ሥራ ወደ አስመራ የተላከው ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ሄዶ እዚያ ካገኛት ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል። የያኔው የደርግ መንግሥት «ወንበዴ» ይላቸው የነበሩት የኤርትራ አማጽያን፣ የሻዕቢያ ሰዎች፣ በከተማዋ ውስጥ ያሴራሉ፤ ጦሩም ምሽጋቸውን ናቅፋን ለመያዝ ይገሰግሳል።

እንዲህ ሲጠቀለል ተራ የስለላ ታሪክ ይመስላል። ልዩነቱ የሚመጣው ዘመቻውን ከሚመሩት ሹማምንት ነው። በሌሎች የፖለቲካ ሴራ ታሪኮች የባለሥልጣናቱ ብልሹነት ተሸሽጎ ይቆይና መጨረሻው ላይ ይጋለጣል። እዚህ ግን ከጅምሩ በግላጭ ነው፤ በስብሰባው ፉክክር፣ በመጠጡ፣ ማንም በማያምንበት መፈክር ይታያል። ስለዚህ የአንባቢን ልብ የሚሰቅለው ሰላዩን የማወቅ ጉጉት ሳይሆን፣ እያወቁ የሚያጨበጭቡት ሰዎች እስከ መቼ እንደሚዘልቁ ነው። የሻዕቢያ ሰዎች ሴራም ጉልበት ያገኘው ከዚሁ ይመስለኛል፤ እውነት መናገር በማይቻልበት ቢሮ ጠላትን በወቅቱ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ገጸ ባሕርያቱ በዘመኑ የነበሩ ባለሥልጣናትን ስለሚመስሉ መጽሐፉ ሐሜት ነው ያሉ ነበሩ። ያ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ሲረሱ አብሮ በተረሳ ነበር፤ ዛሬ የሚያነበው ወጣት ግን አብዛኞቹን በመልክም በስምም አያውቃቸውም። ደራሲው ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነበርና ከደሙ ንጹሕ አይደለም የሚለው ትችት የበለጠ ይከብዳል። እውነት ነው፤ ቀደም ሲል «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የተባለውን ልብ ወለድም ጽፏል። ነገር ግን የፕሮፓጋንዳውን ማሽን አሠራር ከውጭ የቆመ ሰው እንዲህ ሊያውቀው አይችልም። መንግሥትም የፈራው ይህንኑ ዕውቀት ነበር፦ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።