የመኪና ብየዳና የፈረሱላ ሂሳብ

ዛሬ ዋጋ ከመለጠፌ በፊት ስለ ብየዳ ትንሽ ላውራ።

ትናንት ገርጂ አንድ በያጅ ቤት ቆሜ ነበር። የደንበኛዬ አይሱዙ ወለሉ ላሜራ ሊለብስ ነው። ሂሳቡን እዚያው ሠራሁት። 1 በ2 ሜትር የሆነ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ 31 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራቱ ወደ 125 ኪሎ፣ ማለትም ከ7 ፈረሱላ በላይ ነው። ፖርቶመጋላና የጎን ብረት ሲታከልበት ደግሞ አስቡት። መኪናው የሚችለው ጭነት ስለማይጨምር የሚቀነሰው ከቡናችሁ ነው። እህል ለሚጭን ሰው ከአንድ ኩንታል በላይ መሆኑ ነው።

እኔን ግን ከክብደቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሽታው ነው። ቡና ሽታ ይስባል። አምና አንድ መኪና ፀረ ዝገት በተቀባ ማግስት ቡና ጫነ። ቀማሾቹ ወዲያው ያዙት፣ ዋጋው ወረደ፣ እኔም ድለላዬን ትቼ ወጣሁ (ምን ብዬ ልጠይቅ?)። ቀለሙ ደርቆ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አትጫኑ።

ብየዳው ሲያልቅ ጣሪያው ላይ ውሃ አፍስሳችሁ ከውስጥ እዩ፤ በብየዳው መጋጠሚያ የሚገባ ጠብታ ጆንያውን ያሻግተዋል። በያጁ ሥራ ሳይጀምር የባትሪውን ኔጋቲቭ ያስፈቱ፣ አለዚያ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል።

ዋጋ ከሰዓት ይለጠፋል።